«ፀሐይ»ን ከጣሊያን አስመልሰን ጀቶቻችንን ለፀሐይ?

ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ጣሊያን «ፀሐይ»ን መለሰችልን። ያን ሰሞን ቴሌቪዥኑም ሬዲዮኑም ስለ እሷ ብቻ ነበር የሚያወራው። ደስ ብሎናል፤ እኔም ደስ ብሎኛል። ለምን አልደሰት? «ፀሐይ» በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር በሰሜን እየገፋ ሳለ፣ ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር እዚሁ አገራችን ሠርቶ ያበረራት፣ በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ፀሐይ ስም የተጠራች ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን ናት። ወራሪው እንደ አክሱም ሐውልት ሁሉ ጭኖ ወሰዳት። ሰማንያ ስምንት ዓመት ገደማ ቆይታ ተመለሰች።

ለመሆኑ ግን ክቡራን አንባቢያን፣ ጣሊያን ያቺን አውሮፕላን የት ነበር ያስቀመጣት? ከሮም ወጣ ብሎ በብራቻኖ ሐይቅ ዳር፣ ቪኛ ዲ ቫሌ በሚባል ስፍራ ነው። ቦታው ድሮ ውሃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖች ጣቢያ ነበር። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1977 የአየር ኃይላቸው ሙዚየም አደረጉት። ጡረታ የወጡ ተዋጊ ጀቶቻቸውን አንድ በአንድ እያመጡ፣ እያጠቡ፣ ጣሪያ ሥር አሰለፏቸው። የእኛዋም የተዘረፈች «ፀሐይ» ከእነሱ ጋር በክብር ቆማ ነበር።

ልብ በሉ! እ.ኤ.አ. 1977 ማለት በእኛ 1969 ዓ.ም. ማለት ነው። ጣሊያን ሙዚየም በከፈተችበት ዓመት የእኛ «ኤፍ-5» ጀቶች በኦጋዴን ሰማይ ላይ ከዚያድ ባሬ ሚጎች ጋር ይተናነቁ ነበር። ዛሬ የጣሊያን ጀት ሐይቅ ዳር ተወልውሎ ቱሪስት ይጎበኘዋል። የእኛዎቹስ?

ዘራፊ ያቆየውን ባለቤት ይጥለዋል?

ነገሩን ከሥሩ እንየው። የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ፈረንሳይ ሠራሹ «ፖቴዝ 25»፣ ኢትዮጵያ የገባው በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ነው። ከነፃነት በኋላ ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ቢሾፍቱ ላይ አየር ኃይሉን እንደገና አቋቋመው፤ የስዊድን «ሳብ» አውሮፕላኖችም መጡ። ቀጥሎ ከአሜሪካ «ኤፍ-86» ገባ፤ በ1958 ዓ.ም. ደግሞ «ኤፍ-5» ተከተለ። ደርግ ከዋሽንግተን ተጣልቶ ሞስኮን ሲወዳጅ «ሚግ-21»ና «ሚግ-23» ጎረፉ። በአንድ ሜዳ ላይ የምዕራቡም የምሥራቁም ጀት የተሰለፈበት አገር በዓለም ስንት አለ? እኛ ግን ይህን ሀብት በአጥር ከልለን ተቀምጠናል።

«በግቢው ውስጥ ለበዓልና ለእንግዳ የሚታይ ነገር አለ» የሚሉኝ አይጠፉም። እሺ፣ ይኑር። ለእንግዳ የሚከፈት በር ግን ለሕዝብ ተከፈተ አይባልም። እኔ የምለው የመርካቶ ነጋዴ ልጁን ይዞ፣ የኮተቤ ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር ተሰብስቦ፣ ትኬት ቆርጦ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ የሚገባበትን ቤት ነው። ወታደራዊ ሰፈር ሙዚየም ሊሆን አይችልም። ፈቃድ የሚለመንበት ቅርስ ደግሞ የሹመኛ ንብረት እንጂ የሕዝብ ቅርስ አይደለም።

እኔ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያለሁ ሰው ነኝ። የኦጋዴንን ጦርነት አላየሁም። ስለ ብርጋዴር ጄኔራል ለገሠ ተፈራ የሰማሁት ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ሳይሆን ከሽማግሌዎች አፍ ነው። እኚህ ሰው በ«ኤፍ-5» የሶማሊያን ሚጎች በአየር ላይ ውጊያ ከጣሉት አብራሪዎች አንዱ ናቸው። በኋላ ራሳቸው ተመትተው ተማረኩና አሥራ አንድ ዓመት በሶማሊያ እስር ማቀቁ። አሥራ አንድ ዓመት! ይህን ያህል ዋጋ የተከፈለበት ጀት በአገሩ ልጅ ዓይን ካልታየ ማን ሊያየው ነው?

ጨው የለ፣ ምክንያት የለ

የውጪዎቹን ችግር ብታዩ የእኛ ስንፍና ያሳፍራችኋል። አሜሪካኖች በፐርል ሐርበር ፎርድ ደሴት ላይ የአቪዬሽን ሙዚየም አላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1941 ጃፓን የተኮሰችው ጥይት የበሳው የሃንጋሩ መስታወት ሳይቀር ዛሬም አለ። ኒው ዮርክ ደግሞ «ኢንትሬፒድ» የምትባለውን አሮጌ የጦር መርከብ ሙዚየም አድርገው በጀርባዋ ላይ ጀት ደርድረዋል። በዚያ በቀዝቃዛው ጦርነት ጠላታቸው የነበረው ሶቪየት ሠራሽ «ሚግ-21» ሳይቀር ጎን ለጎን ቆሟል። በውጭ ያለ ወገናችን ልጆቹን ይዞ ሄዶ ያየዋል። ያው ሚግ በአባቱ አገር ግን የምሥጢር ያህል ይጠበቃል። ከአሥር ሺህ በላይ የተመረተ፣ በዓለም ሙዚየም ሁሉ የተሰቀለ አውሮፕላን ምኑ ነው ምሥጢሩ?

የእነዚህ ሙዚየሞች ቀንደኛ ጠላት የባሕር ጨው ነው። የጀት አካል በአብዛኛው አልሙኒየም ነው። አልሙኒየም እንደ ሚስማር ቀይ ዝገት አያወጣም፤ ጨውና እርጥበት ሲያገኘው ግን ውስጥ ውስጡን ይበላል፤ ከላይ ደህና መስሎ ከሥር ዱቄት ይሆናል። ከብረት ብሎን ጋር በተገናኘበት ቦታ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ በንጹህ ውሃ ያጥቡታል፣ ቀለሙ በተላጠ ቁጥር ይቀቡታል፣ ጣሪያ ሥር የሚያስገቡትንም ያስገባሉ። ከባሕር ጨው ጋር ግብግብ ገጥመው ያቆያሉ!

እኛስ? ቢሾፍቱ ከባሕር ጠለል በላይ አሥራ ዘጠኝ መቶ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። አየሩ ደረቅ፣ ባሕሩ ሩቅ ነው። አሜሪካኖች ከአገልግሎት የወጡ አውሮፕላኖቻቸውን አሪዞና በረሃ ድረስ ወስደው የሚያቆሙት እንዲህ ያለ ደረቅ አየር ፍለጋ ነው። እኛ በነፃ አለን። የእኛ ጠላት ክረምትና ፀሐይ ብቻ ነው። ፀሐዩ የኮክፒቱን መስታወት ያደበዝዛል፤ ጎማውን ይሰነጥቃል። ዝናቡ በተከፈተ ቀዳዳ ገብቶ ይጠራቀማል፤ ወፍ በሞተሩ አፍ ጎጆ ይሠራል። መድኃኒቱ ሮኬት ሳይንስ አይደለም፤ ቀዳዳውን መድፈን፣ ዘይትና ነዳጁን መቅዳት፣ አብራሪውን የሚያስፈነጥረውን ወንበር ባሩድ በባለሙያ ማስወገድ፣ ከጎማው ላይ ክብደቱን ማንሳት፣ ከላይ ቆርቆሮ ማልበስ! በቃ። በየቀበሌው ለስብሰባ አዳራሽ የሚሆን ቆርቆሮ አይጠፋም፤ ለቅርስ ሲሆን ነው የሚጠፋው።

የሐይቅ ዳርስ ቢሉ? ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱ፣ ቢሾፍቱ! ጣሊያን አንድ ሐይቅ ነው ያላት እዚያ ቦታ ላይ፤ እኛ በአንድ ከተማ ውስጥ ስንቱን እንቁጠር። ዳርቻው ግን ለሪዞርትና ለሆቴል ሲታደል ለአገር ታሪክ የሚሆን መሬት ይጠፋል። ስለ ባሕር በር ጠዋት ማታ የሚያወሩልን ሹማምንት እጃቸው ላይ ያለውን የሐይቅ ዳር ምን ሠሩበት?

ዳቦ ይቅደም ለምትሉ

«ሕዝብ ተርቦ የምን አሮጌ አውሮፕላን ነው?» የሚል ወገን አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም አለው። የጀቱ ዋጋ ድሮ ተከፍሏል፤ የከፈለውም ያው የተራበው ሕዝብ ነው። አሁን የሚጠየቀው ጥበቃ ብቻ ነው። ቆራርጦ በኪሎ የሚሸጥ አንድ ጊዜ ሸጦ ይጨርሳል፤ ያቆየ ግን በየዓመቱ ትኬት ይቆርጣል። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ በፈጣኑ መንገድ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ጉዞ ናት። ከዚያም አልፎ በአካባቢዋ በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር ግዙፍ አውሮፕላን ማረፊያ ታቅዷል። ለዚያ ሁሉ ኮንክሪት ገንዘብ ያለው መንግሥት ለጥቂት ጀቶች ጣሪያ አጣሁ ቢል ማን ያምነዋል?

ሐውዜንስ?

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ግን ይኼ ነው፦ «እነዚህ ጀቶች ሕዝብ ጨርሰዋል፤ እንዴት ቅርስ ይባላሉ?» እውነት ነው፣ ጨርሰዋል። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. በሐውዜን ገበያ ላይ የደርግ አየር ኃይል ያዘነበው ቦምብ 2 ሺህ 500 ያህል ሰው እንደፈጀ ይነገራል። በ1982 ዓ.ም. ምጽዋ በሻዕቢያ እጅ ከወደቀች በኋላ በአየር ተደብድባለች። ሰኔ 15 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ልክ በሐውዜን መታሰቢያ ዕለት፣ የቶጎጋ ገበያ በአየር ተመትቶ በርካታ ሰው አልቋል፤ መከላከያ ዒላማዬ ታጣቂዎች ነበሩ አለ፤ የጤና ባለሙያዎችና ከሞት የተረፉት ደግሞ የሞትነው ገበያተኞች ነን አሉ።

እኔ የምለው፣ ሙዚየም የሚያስፈልገው ለዚህም ነው! ጀቱ ከተቆራረጠ ማስረጃው አብሮ ይቆራረጣል። በአንዱ ጀት ፊት ለገሠ ተፈራ አገር እንዳዳኑ ይጻፍ፤ በሌላው ጀት ፊት ሐውዜን ይጻፍ። ሁለቱም የእኛ ታሪክ ነው። ሐርጌሳ ላይ ሶማሌላንዶች በ1980 ዓ.ም. ከተማቸውን ከደበደቡት ሚጎች አንዱን በመሐል አደባባይ ሰቅለው የሰማዕታት መታሰቢያ አድርገውታል። እነሱ የገደላቸውን አውሮፕላን ሳያፍሩ ለልጆቻቸው ያሳያሉ። እኛ የገደለንንም ያዳነንንም አንድ ላይ ደብቀን ቁጭ ብለናል።

ነገሩ የቆርቆሮ እጥረት እንዳልሆነ የሚገባችሁ እዚህ ላይ ነው። ባለ ጊዜዎች የሚፈሩት ታሪኩን ነው። ጀቱ ሲታይ ሰው ይጠየቃላ! በግንቦት 1981ዱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሕይወታቸውን ያጡት የአየር ኃይሉ አዛዥ ጄኔራል አምኃ ደስታ ይነሳሉ። ማዕከላዊ ውስጥ የሞቱት የቀድሞው አዛዥ ጄኔራል ፋንታ በላይ ይነሳሉ። ኢሕአዴግ በ1983 ዓ.ም. በትኗቸው በየካምፑ የታጎሩት አብራሪዎችና ቴክኒሻኖች ይነሳሉ። በ1990 ዓ.ም. ከሻዕቢያ ጋር ጦርነት ሲፈነዳ «ኑ፣ አድኑን» ተብለው እነዚያው ሰዎች መጠራታቸው ይነሳል። ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ ይነሳሉ፦ በደርግ ዘመን አንድ ጊዜ ተማርከው የተለቀቁ፣ በ1990 ዓ.ም. ደግሞ አስመራ ላይ ተመትተው ዳግም የተማረኩ፣ መጨረሻቸው በይፋ ሳይነገር ዘመን የተቆጠረባቸው አብራሪ። ሙዚየም ቢኖር የአንድ ልጅ ጣት ወደ ፎቶግራፉ ተቀስሮ «እኚህ ሰውዬ የት ሄዱ?» ይል ነበር። ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ሹም የለም።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ከአገልግሎት የወጣ ማንኛውም ተዋጊ አውሮፕላን በቁጥሩና በታሪኩ ይመዝገብ፤ ዝርዝሩም ይታተም። ስንት እንዳለን ካላወቅን ስንት እንደተሸጠ አናውቅም። ሁለተኛ፣ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ስለ ቅርስ ጥበቃ የወጣ ሕግ ነው፤ የቅርስ ባለሥልጣን በዚያ ሥልጣኑ ይሥራና እነዚህን ጀቶች ቅርስ ብሎ ይመዝግባቸው፤ ያለ ሕዝብ ዕውቅና አንዱም አይቆረጥ። ሦስተኛ፣ በቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር መሬት ይሰጥ፤ አስተዳደሩ የሲቪል ይሁን፤ «ፀሐይ»ም መግቢያው ላይ ትቁም። አራተኛው ከሁሉም አስቸኳይ ነው፤ የበረሩባቸውና የጠገኗቸው ሰዎች እያረጁ ነው። ቀለም የተላጠ ጀት ይቀባል፤ የሞተ ቴክኒሻን ግን አይጠየቅም። ዛሬውኑ ድምፃቸው ይቀረጽ፤ አስጎብኚም እነሱው ይሁኑ፤ ለጡረታቸውም መደጎሚያ ይሆናቸዋል።

ይህ ሁሉ ካልሆነ «ፀሐይ» መጣች ብሎ መጨፈር ምንድነው? ዘራፊ ሰማንያ ስምንት ዓመት ጠብቆ የመለሰውን እልል ብሎ ተቀብሎ፣ የራስን ደም የተከፈለበትን ለክረምት መስጠት የኩራት ሳይሆን የእፍረት ሥራ ነው። ሰው የጣለው ወርቅ አለኝ ብሎ አይኮራም። ጆሮ ያለው ይስማ።

ቸር ይግጠመን!