ቅጠሉን አናቃጥለው



በጋው ገፍቶ የዋንዛውና የጃካራንዳው ቅጠል መርገፍ ሲጀምር፣ በየደጃፉ ጭሱም አብሮ ጀምሯል። ጧት ተጠርጎ ይከመራል፣ ክብሪት ይጫራል፤ አስም ያለባቸው አዛውንቶችና ሕፃናት ቀኑን ሙሉ ሲያስሉ ይውላሉ። የተሰጣው ልብስም ጭስ ጭስ ይላል። ማኅበራችን ስለዚሁ ብዙ ስሞታ ደርሶታል። ዛሬ የምንጽፈው ግን ስለ ጭሱ ብቻ አይደለም፤ የሚቃጠለው ንብረት ስለሆነ ነው።

ያው ቅጠሉን ያቃጠለ ሰው ክረምት ሲቃረብ ለጎመንና ለቆስጣ መደቡ ፍግ በጆንያ ሲገዛ እናየዋለን። የሰፈራችን መሬት አብዛኛው ዋልካ ነው፤ በክረምት እግር ይዞ አይለቅም፣ በበጋ ይሰነጠቃል። የበሰበሰ ቅጠል እንዲህ ያለውን አፈር ያላላዋል፣ እርጥበትም ያቆይለታል። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ከእንሰት አገር የመጡ ጎረቤቶቻችን የጓሮ ጥራጊና ፍግ ከእንሰቱ ሥር ሲጣል እያዩ ነው ያደጉት።

አሠራሩም ከባድ አይደለም። ጥላ ያለበት ጥግ ይመረጣል። ደረቅ ቅጠል ብቻውን ቶሎ ስለማይበሰብስ፣ አንድ ስንዝር ቅጠል ከተነጠፈ በኋላ የድንች ልጣጭ፣ እርጥብ አረም ወይም የከብት ፍግ ጣል ይደረግበታል፣ ጥቂት አፈርም ይበተንበታል። እንዲህ እየተደራረበ 1 ሜትር ያህል ይቆለላል። የቧንቧ ውሃ ማባከን አያስፈልግም፣ አትክልት የታጠበበት ይበቃል፤ ተጨምቆ እንደተሰጣ ጨርቅ እርጥብ ይሁን እንጂ አይጨቅይ። በየ3 ሳምንቱ ከተገላበጠ በ4 ወር ገደማ ጠቁሮ የዱር አፈር ይሸታል። ቸኩሎ ጥሬውን ቅጠል ከአፈር ጋር መቀላቀል ግን አይገባም፤ ሲበሰብስ የአፈሩን ናይትሮጅን ስለሚሻማ ጎመኑ ቢጫ ይሆናል።

የባሕር ዛፍ ቅጠል ከዚህ አይግባ። ዘይት ስላለው ይዘገያል፣ ዘርም እንዳይበቅል ያደርጋል። እሱ ለምጣድ ይሁን፤ ያም ጭስ ነው፣ ነገር ግን እንጀራ ይወጣዋል።

«አይጥ ይሰበስብብናል» ያሉን አሉ። አይጥን የሚጠራው የተረፈ ምግብና አጥንት ነው፤ እሱ አይጨመርበት።

ግቢ ለሌላቸው ከማኅበሩ አዳራሽ ጀርባ ቦታ ተለይቷል። ብስባሹ ሲደርስ ቅጠል ላመጣ ሁሉ ይከፋፈላል፣ በጣሳ ለሚተክልም ጭምር። እሁድ ጧት በ3 ሰዓት መጥረጊያ፣ አካፋና ጆንያ ይዘን እንገናኝ። ፌስታሉ አስቀድሞ ከቅጠሉ ይለቀም።