ዋግን መከታተል ከርጭት ይቀድማል

አንድ አርሶ አደር የስንዴ ቅጠል በጣቱ ሲያሸው ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ዱቄት ከያዘው፣ ማሳው ዋግ ገብቶበታል ማለት ነው። ይህን ስንዴ አምራቹ ሁሉ ያውቀዋል። ብዙም የማይታወቀው፣ ያ ዱቄት ከየት እንደመጣ፣ የትኛው የዋግ ዘር እንደሆነና ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄድ ነው። የስንዴው ዕጣ የሚወሰነው ግን በአብዛኛው በዚህኛው ዕውቀት ነው።

ዋግ የፈንገስ በሽታ ነው። ብናኞቹ በነፋስ እየተጫኑ ከወረዳ ወረዳ፣ አልፎም ከሀገር ሀገር ይሻገራሉ። ጤዛና ተስማሚ ሙቀት ሲያገኙ ተክሉ ውስጥ ይገባሉ፤ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆናቸውም አዲስ ብናኝ ያፈራሉ። ቢጫ ዋግ ቀዝቀዝ ያለውን ደጋ ይመርጣል። የግንድ ዋግ ሞቅ ያለ አየር የሚስማማው ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ሰብሉ ፍሬ መያዝ ሲጀምር ደርሶ ግንዱን እያቆሰለ ፍሬውን ያቀጭጨዋል። አርሶ አደሩ ማዳበሪያውንና ጉልበቱን ሁሉ ካፈሰሰ በኋላ ስለሚመጣም ጉዳቱ እጥፍ ነው።

ባለፉት ዓመታት የታየው ትምህርት ሊሆን ይገባል። በ2002/03 ዓ.ም የምርት ዘመን ቢጫ ዋግ በተነሣ ጊዜ ክፉኛ የተመታው በስፋት ይዘራ የነበረው ኩብሳ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ አርሶ አደር ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው ዲገሉ ዞረ። ዲገሉ የግንድ ዋግንም ይቋቋማል ተብሎ ነበር። በ2006 ዓ.ም ግን በባሌና በአርሲ ዲገሉ በግንድ ዋግ ተመታ፤ ምርቱ ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚቻል ደረጃ የጠፋባቸው ማሳዎችም ነበሩ።

ያን ጊዜ ብዙዎች የጠረጠሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1998 በኡጋንዳ ተገኝቶ በ2003 ኢትዮጵያ መግባቱ የተረጋገጠውን ዩጂ 99 የተባለውን የዋግ ዘር ነበር። ናሙናው ሲመረመር ግን ከዚያ ቤተሰብ ያልሆነ ሌላ ዘር ሆኖ ተገኘ። ዲገሉ ዩጂ 99ን ቢቋቋምም ለአዲሱ መጤ መከላከያ አልነበረውም። ምርመራ ባይኖር ኖሮ ተመራማሪው የሚያዳቅለው፣ ዘር አባዡም የሚያባዛው ለተሳሳተ ጠላት ነበር።

«ዝርያ ቢሻሻል ይበቃል» የሚለው አስተያየት ስለዚህ በቂ አይደለም። የተሻሻለ ዝርያ የሚቋቋመው የሚያውቀውን ዋግ ነው። ዋጉ ይለወጣል፤ ዝርያው ግን አርሶ አደሩ ጎተራ ውስጥ እንዳለ ይቆያል። የመድኃኒት ርጭትም ቢሆን በጊዜው ካልሆነ ገንዘብን ማሳ ላይ ማፍሰስ ነው። ዋጉ ማሳውን ካለበሰው በኋላ የሚረጭ መድኃኒት የወደመውን አይመልስም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

የመከታተሉ ሥራ ከዜሮ አይጀምርም። የአምቦ ምርምር ማዕከል የግንድ ዋግን ዘር በመለየት የቆየ ልምድ አለው። የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት፣ ግብርና ሚኒስቴርና ዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል፣ ከእንግሊዝ የአየር ትንበያ ተቋምና ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው የማሳ አሰሳን ከነፋስና ከእርጥበት ትንበያ ጋር የሚያገናኝ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ዘርግተዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ በሆለታ የተሞከረው ተንቀሳቃሽ የዘረመል መመርመሪያ፣ ቀድሞ ወራት ይፈጅ የነበረውን የቢጫ ዋግ ዘር ልየታ በ48 ሰዓት መጨረስ እንደሚቻል አሳይቷል።

መሣሪያውም ዕውቀቱም ካለ የጎደለው ምንድን ነው? መጀመሪያ፣ ናሙናውን የሚያነሣው እጅ ነው። የትኛውም ትንበያ የሚነሣው ማሳ ውስጥ ገብቶ ከሚያይ ሰው ነው። የቀበሌ የግብርና ባለሙያ ማዳበሪያ ሲያከፋፍል፣ ስብሰባ ሲጠራና ሪፖርት ሲሞላ ከዋለ ለአሰሳ የሚተርፈው ጊዜ ትንሽ ነው። በስንዴ ወረዳዎች ከነሐሴ እስከ ጥቅምት አሰሳ የዋና ሥራው አካል ሊሆንለት ይገባል። «ዋግ የለም» የሚል ሪፖርትም እንደ ውጤት ይቆጠር፤ ንጹሕ የሆነውን ቦታ ማወቅ የተበከለውን ለመለየት ይረዳልና። ዋግ ገብቷል ብሎ ቀድሞ ያሳወቀ ባለሙያም እንደ ሥራ ፈት መታየት የለበትም። የሚወቀስ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ዝም ይላል።

ሁለተኛው አሰሳው የሚደርስበት ቦታ ነው። የበጋ መስኖ ስንዴ መስፋፋቱ ለሀገር ትልቅ ተስፋ ነው። ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ስንዴ መኖሩ ግን ለዋግ ከመኸር ወደ በጋ፣ ከበጋ ወደ መኸር መሻገሪያ ድልድይ ይሆነዋል። የመኸሩን ብቻ አይቶ የበጋውን የሚተው አሰሳ ድልድዩን ክፍት ይተዋል። ከእርሻ ውጭም ሌላ መጠለያ አለ። በርበሪስ ሆልስቲ የተባለው እሾሃማ የደጋ ቁጥቋጦ በኢትዮጵያ የግንድ ዋግን እንደሚያስተናግድ በምርምር ተረጋግጧል። ፈንገሱ በዚህ ዓይነቱ ቁጥቋጦ ላይ ሲዳቀል አዲስ ዘር ሊወለድ ይችላል። መልሱ ቁጥቋጦውን መንቀል ሳይሆን፣ በየገደሉና በየአጥሩ ጥግ ከሚገኘው ላይ በየዓመቱ ናሙና መውሰድ ነው።

ጉዳዩ የስንዴ ብቻም አይደለም። ቡናን የሚያደርቀው በሽታ በእርሻ ቡናም በጫካ ቡናም ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1968 ከኢትዮጵያ እንሰት ላይ መንስኤው ተለይቶ የተመዘገበው አጠውልግ በሽታ በ2001 በኡጋንዳ ሙዝ ላይ ታይቷል። በሽታ በማሳና በጫካ፣ በሀገርና በሀገር መካከል ያለውን ወሰን አያውቅም።

ሦስተኛውና ዋናው፣ ውጤቱ ወደ አርሶ አደሩ መመለሱ ነው። ከማሳው ናሙና የተወሰደለት አርሶ አደር የትኛው የዋግ ዘር እንደተገኘ፣ የትኛው የስንዴ ዝርያ እንደተጋለጠ ዘር ከመግዛቱ በፊት ሊነገረው ይገባል። ምርመራው በምርምር ማዕከል መዝገብ ብቻ ቢቀር፣ በሰኔ የሚዘራው አሁንም ያው የተጋለጠው ዝርያ ይሆናል።

«ለዚህ ሁሉ በጀት ከየት ይመጣል?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ወረርሽኝ በተነሣ ዓመት ለመድኃኒት ግዢ በጥድፊያ የሚወጣው ገንዘብ፣ ከባለሙያ የመጓጓዣ ወጪና ከናሙና ፖስታ ጋር ሲተያይ መልሱ ግልጽ ነው። የክልልና የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች የዓመቱን ዕቅድ ሲያወጡ፣ አሰሳን ከትርፍ ሥራ ዝርዝር አውጥተው ከዘርና ከማዳበሪያ አቅርቦት ጎን ሊያስቀምጡት ይገባል። ዋግ በሌሎች ዓመታት ስለጠፋ አይጠፋም፤ የሚጠብቀው እርጥብ መኸርና የማያይ ዓይን ነው።