መንገዱ አይዘጋ፤ ተናጋሪው ይጠየቅ

በጎንደር ከተማ ከፒያሳ እስከ አዘዞ፣ በደጋውም ከዳባት እስከ ደባርቅ፣ ስለ ኢንተርኔት ክፉና ደግ የሚከራከሩ ሁለት ሰዎችን በጽሞና ያዳመጠ ሁሉ፣ ሁለቱም የያዙት እውነት መሆኑን ማስተዋሉ አይቀርም። አንደኛው ልጆችን ከመጽሐፍ አራቀ፣ ሐሜትን አደባባይ አወጣ፣ ወንድምን በወንድሙ ላይ አስነሣ ብሎ ሲከስሰው፣ ሁለተኛው በባዕድ አገር የምትደክም ልጁን ፊት እንዳሳየው፣ ንግዱን እንዳቀናለትና ዕውቀትን ከደጁ እንዳደረሰለት ይመሰክርለታል።

ሆኖም የዚህን ነገር ዋጋ ከክርክር ይልቅ እጦት አስተምሮናል። በሐምሌ ወር 2015 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በአማራ ክልል ጦርነት በርትቶ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ በታወጀበት ሰሞን፣ የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት በክልሉ ተቋረጠ፤ ወደ አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜም እንደተቋረጠ ቆየ። በዚያ ዘመን በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ተማሪ፣ በሰሜን ተራሮች እንግዳ እየመራ የሚያድረው የደባርቅ ጎልማሳ፣ ለጥምቀት ክፍል የሚያከራየው ባለሆቴል፣ ከቤይሩት ወይም ከሪያድ የልጇን ድምፅ በኢሞ ትጠባበቅ የነበረች እናት፣ አንዳቸውም ጠብመንጃ ሳያነሡ የጦርነቱን ዳፋ ተሸከሙ። ከሁሉ ይልቅ ልብን የሚያሳዝነው ግን፣ በዚያው ወራት ጃን አሞራን፣ በየዳንና ጠለምትን ድርቅ በመታ ጊዜ የረኀብተኛው ልሳን መታሰሩ ነው። በዚያ አገር ኢንተርኔት የሚያገኘው ሰው ጥቂት ቢሆንም፣ አንድ መምህር ወይም አንድ የጤና ሠራተኛ በስልኩ የሚልካት አንዲት ምስል ለብዙ ሺህ ድሆች አፍ ልትሆን በቻለች ነበር።

ይህም መከራ በአማራ ክልል አልተጀመረም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ አገሪቱ በሙሉ ለሦስት ሳምንት ያህል ያለ ኢንተርኔት ቆይታለች፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነት የተነሣበት የትግራይ ሕዝብ ደግሞ ከሁለት ዓመት በላይ ያለ ኢንተርኔት ኖሯል።

መንግሥት ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት የሐሰት ወሬንና የጠብ ቅስቀሳን መግታት ነው፤ ምክንያቱንም ከንቱ ነው ብሎ ማለፍ ፍርድ ማጉደል ይሆናል። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. በከተማችን በጎንደር፣ በቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ በተነሣ ጠብ የሙስሊም ወገኖቻችን ደም በከንቱ ሲፈስ፣ ምስልና ወሬ በስልክ እየበረረ ቁጣው ጥቂት ቀን ሳይቆይ በስልጤ ዞን ወራቤ ላይ ደርሶ አብያተ ክርስቲያናት መቃጠላቸውን ማን ይረሳል? በጣት የተነካ ቃል ቤት ሊያቃጥል እንደሚችል እኛ ጎንደሬዎች ከማንም ይልቅ እናውቃለን።

ነገር ግን በገበያ መንገድ ላይ ወንበዴ ቢታይ ወንበዴው ይታደናል እንጂ መንገዱ አይታረስም። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ሥርጭት ለመከላከል የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰትን የዘራውን ሰው በስሙ ለይቶ የሚጠይቅ ሕግ ነው፤ የሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 29 አሳብን በመረጠው ማሰራጫ የመግለጽንና መረጃን የመቀበልን ነፃነት ለሰው ሁሉ ሰጥቷል። ጥፋተኛውን ለይቶ ለፍርድ ማቅረብ ሲቻል ሚሊዮኖችን በጅምላ ማፈን፣ በደለኛውንና ንጹሑን በአንድ ሰንሰለት ማሰር ነው። ደግሞም እውነተኛ ወሬ የሚመጣበት በር ሲዘጋ ሐሰት መሄጃ አያጣም፤ ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ፣ አርሞ የሚመልሰው ጠፍቶ፣ በየመንደሩ ሥር ይሰድዳል።

በእኛም በአንባቢዎች ላይ የሚወድቅ ዕዳ አለ። ይህች ከተማ የላይ ቤትና የታች ቤት ሊቃውንት የመጻሕፍትን ትርጓሜ ያደላደሉባት፣ በ18ኛው መቶ ዘመንም መምህር ኤስድሮስ ያስተማሩባት አገር ናት። በዚያ ጉባኤ ደቀ መዝሙሩ ለአንድ ቃል ብዙ ትርጓሜ ሰምቶ፣ የትኛው ከየትኛው መምህር እንደ ወረደ ለይቶ፣ ከዚያ በኋላ ይናገር ነበር፤ ሁለቱ ቤቶችም በትርጓሜ ቢለያዩ አንዱ የሌላውን ደጅ ሳይዘጋ አብረው ዘልቀዋል። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ያሉት አባቶቻችን ልጆች የሆንን እኛ፣ የተናጋሪውን ማንነት ሳንጠይቅና የምስሉን ቦታና ዘመን ሳንመረምር ለሌላ ብናስተላልፍ፣ ከሐሰተኛው ጋር የሐሰት ተካፋዮች እንሆናለን። ይህን ጥንቃቄ ወላጅ በቤቱ፣ መምህር በትምህርት ቤቱ፣ ካህንና ሼህም በየምእመናቸው ፊት ሊያስተምሩት ይገባል።

ስለዚህ ከመንግሥት የምንሻው ይህ ነው፦ በሕግ ተወስኖ፣ በፍርድ ቤት ተመርምሮ፣ ምክንያቱና የሚያበቃበት ቀን ለሕዝብ ተነግሮ ካልሆነ በቀር የማንም ክልል ኢንተርኔት እንዳይቋረጥ፤ በክፉ ቀንም እንኳ ቢሆን የሐኪም ቤት፣ የባንክና የትምህርት ቤት መስመር እንዳይነካ። መንግሥት ይህን ሲያደርግ፣ እኛም ለምንጽፈውና ለምናስተላልፈው ቃል ሁሉ በስማችን ልንጠየቅ ፈቃደኞች ሆነን መገኘት አለብን።