ጋዜጣና የድሆች ሰፈር

ጋዜጣ የሕዝብ ዓይንና ጆሮ ነው ይባላል። ነገር ግን ዓይን ወደ አንድ ወገን ብቻ ሲመለከት የኖረ እንደሆነ በሌላው ወገን ያለው ሰው ሳይታይ ይቀራል። የዚህም ጕዳት ምን ያህል እንደሆነ በአሜሪካ አገር በዲትሮይት ከተማ የደረሰው ነገር ያስረዳል።

እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1967 ዓመት በሐምሌ ወር ጥቁሮች በሚኖሩበት ሰፈር ሁከት ተነሥቶ 43 ሰዎች ሞቱ፤ ከ7000 የሚበልጡም ታሰሩ። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በዚያችና በሌሎችም ከተሞች የተነሣውን ሁከት ምክንያት የሚመረምር፤ የኢሊኖይ አገረ ገዥ ኦቶ ከርነር የሚመሩት ኮሚሲዮን አቆሙ። ኮሚሲዮኑም በ1968 ባወጣው መግለጫ አንዱን ምዕራፍ ለጋዜጦችና ለቴሌቪዥን ሰጥቶ፤ ዓለሙን የሚያዩት በነጮች ዓይን እንደሆነ፤ የጥቁሮችንም ኑሮና ብሶት ለአንባቢ እንዳላስረዱ ገለጸ። በዚያ ጊዜ ከዜና ጸሐፊዎች መካከል ጥቁሮች ከመቶ 5 አይሞሉም ነበር፤ ከአዘጋጆችና ከአለቆች መካከል ግን ከመቶ 1 እንኳ አይሞሉም ነበር።

ጋዜጠኛ ወደ ድሃ ሰፈር የሚሄደው እሳት ሲነሣና ደም ሲፈስ ብቻ የሆነ እንደሆነ፤ በቀብር ቀን ብቻ እንደሚመጣ ዘመድ ይቆጠራል። የሰፈሩም ሰው ስሙ በክፉ ብቻ ሲነሣ እየሰማ ልቡን ይዘጋል። ባለሥልጣኑም ጋዜጣው ዝም ስላለ ሰፈሩ ሰላም የሆነ ይመስለዋል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳምና ይህ ቂም በአንድ ቀን አይፋቅም።

በዚያው በዲትሮይት በ2016 ሣራ አልቫሬዝ የመሠረቱት አውትላየር ሚዲያ የተባለው የዜና ድርጅት ግን ሌላ መንገድ ያዘ። ምን እንጻፍ ከማለቱ በፊት ምን ቸገራችሁ ብሎ ጠየቀ። የሚከራዩት ቤት ባለቤት ማን እንደሆነ፤ ቤቱም የግብር ዕዳ እንዳለበት በስልክ አጭር መልእክት ለነዋሪው ያስታውቅ ጀመር። ቤቱ በዕዳ ተሸጦበት በድንገት እንዳይወጣ ለሚፈራ ተከራይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መልሱ ያልበቃውም ከጋዜጠኛው ጋር ይነጋገራል።

ስለዚህ ጋዜጠኛ በሰላሙም ቀን ሰፈሩን ሊጐበኝ፤ የጻፈውንም ተመልሶ ለነገሩት ሰዎች ሊያስነብብ፤ ከሰፈሩም ልጆች ጸሐፊ ሊያወጣ ይገባዋል። ባለሥልጣንም ችግሩን ለጋዜጣ የተናገረውን ድሃ እንደ ጠላት ሊያየው አይገባም። ከሁከት በኋላ ከሚጻፍ ታላቅ መግለጫ ይልቅ፤ ከሁከት በፊት የተሰማ አንድ አቤቱታ ይሻላል።