ቅርብ የመሰለው መንገድ፦ ከምዕራብ ሐረርጌ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ለሥራ የሚሄዱ ሴቶች ዝግጅት

ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋና ሐረር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ያሉት አሰቦት፣ ሚኤሶ፣ ጭሮ (አሰበ ተፈሪ) እና ሂርና፣ እንዲሁም ወደ ደቡብ ገባ ብለው የሚገኙት በዴሳና ገለምሶ ከዓረብ አገር ጋር ያላቸው ትስስር የቆየ ነው። አካባቢው ወደ ጅቡቲና ወደ ሶማሌላንድ ለሚያደርሱ መንገዶች ቅርብ ነው። አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም ሲሆን፣ ጂዳ ወይም ሪያድ ደርሳ የተመለሰች እህት፣ አክስት ወይም ጎረቤት ማግኘትም አያስቸግርም። በዚህ ምክንያት ለቤት ሠራተኝነት ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ለመሄድ የምታስብ ሴት አገሩን ቀድማ የምታውቀው ይመስላታል። ሃይማኖቱ የእርሷ ነው፤ አለባበሱም ከለመደችው ብዙ አይርቅም። ይሁን እንጂ ብዙውን ጊዜ ሳይታሰቡ የሚቀሩት ዝግጅቶች ከዚሁ የቅርበት ስሜት በስተጀርባ የሚገኙት ናቸው።

በብዙ ቤተሰብ ዘንድ “ዝግጅት” ሲባል በቅድሚያ የሚታሰበው ገንዘብ ነው። በሬ ይሸጣል፤ የጫት ማሳ በመያዣነት ይሰጣል፤ ከዘመድ ብድር ይጠየቃል፤ የተሰበሰበውም ለደላላ ይከፈላል። ሕጉ የሚለው ግን ከዚህ የተለየ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣውና በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1246 የተሻሻለው የኢትዮጵያ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሁም የመድን ዋስትና ወጪን በአሠሪው ላይ ጥሏል። ሠራተኛዋ የምትሸፍነው የፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ የክትባት፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ከወንጀል ነጻ መሆንን የሚያሳይ ማስረጃና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ወጪዎችን ነው። ስለዚህ “ለቪዛና ለትኬት” ተብሎ የሚጠየቅ ገንዘብ የተጋነነ ክፍያ ብቻ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። ጉዞው በሕጋዊው መስመር ላይ አለመሆኑን የሚያሳይ የመጀመሪያው ምልክትም ነው።

ሕጋዊው መስመር በመኖሪያ ወረዳ ከሚገኘው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ይጀምራል። ምዝገባው በሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓት ይከናወናል፤ ከዚያም ሥልጠና፣ የብቃት ምዘና፣ ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ በኩል የሚገኝ የሥራ ውል፣ የውል ማጽደቅና የቅድመ ጉዞ ገለጻ ይከተላል። ሂደቱ ጊዜ ይወስዳል፤ ደላሎች የሚጠቀሙበትም ይህንኑ ነው። “በዑምራ ቪዛ ግቢ፣ እዚያ ይስተካከላል” የሚለው አባባል በሙስሊም ቤተሰቦች ዘንድ አሳማኝ መስሎ ይሰማል። በዑምራም ሆነ በጉብኝት ቪዛ ገብቶ መሥራት ግን በሳዑዲ ሕግ የተከለከለ ነው። በዚህ መንገድ የገባች ሴት ደመወዟ ቢከለከል እንኳ በሕግ ፊት የምታቀርበው ውል አይኖራትም።

የባሕሩ መንገድ ከዚህም የከፋ ነው። በአውሮፓውያኑ 2019 ብቻ ከ138 ሺህ በላይ ሰዎች ከአፍሪካ ቀንድ ባሕር ተሻግረው የመን የደረሱ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በ2006 ዓ.ም. መንግሥት ሕጋዊውን ጉዞ ሲያግድና ሳዑዲ ዓረቢያም ፈቃድ የሌላቸውን ስታባርር፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ዜጎች ተመልሰዋል። እገዳው እስከ 2010 ዓ.ም. ቢቆይም ጉዞውን አላስቆመም፤ ይልቁንም ብዙውን ሰው ወደ ደላላ ገፍቶታል። ሕጋዊው መስመር ክፍት በሆነበት በአሁኑ ወቅት የሚኤሶን ወይም የድሬዳዋን መንገድ ይዞ ወደ ጅቡቲ ዳርቻ መውረድ ከድህነት ይልቅ ከመረጃ እጥረት የሚመነጭበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሰነድ በሚዘጋጅበት ጊዜ ቀላል መስሎ የሚታለፍ አንድ ጉዳይ አለ፤ እርሱም ዕድሜ ነው። የኢትዮጵያ ሕግ ከ18 ዓመት በታች የሆነችን ልጅ መላክን ይከለክላል። የሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ ደግሞ ከ21 ዓመት በታች ያለችን ሠራተኛ መቅጠርን አይፈቅድም። በመታወቂያ ላይ ዕድሜ “ማስጨመር” በአንዳንድ ቤተሰቦች እንደ ውለታ ይቆጠራል። የ16 ዓመት ልጅ በሰነድ 23 ዓመት ከሆነች በኋላ ግን ጉዳት ቢደርስባት ለአካለ መጠን ባልደረሰች ልጅ የሚሰጠውን ጥበቃ ለመጠየቅ ትቸገራለች፤ የራሷ ፓስፖርት ይቃወማታልና። የስም አጻጻፍም በልደት ምስክር ወረቀት፣ በመታወቂያና በፓስፖርት ላይ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። አንድ ፊደል ቢለያይ የባንክ ሐዋላን ሊያሰናክል ይችላል።

የሻንጣው ነገር በተለይ ከዚህ አካባቢ ለሚነሱ ተጓዦች ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻ ነው። ጫት በምዕራብ ሐረርጌ የገበሬው የገቢ ምንጭ፣ የእንግዳ መቀበያና የጸሎት ማጀቢያ ነው፤ በጭሮ ገበያ በግልጽ ይሸጣል። በሳዑዲ ዓረቢያና በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ግን የተከለከለ ዕፅ ነው። የደረቀም ሆነ የተፈጨ፣ ለራስ ፍጆታም ሆነ ለዘመድ ስጦታ ቢባል ልዩነት አያመጣም። “እዚያ ላለችው ልጄ ይህን አድርሺልኝ” ተብሎ የሚሰጥ የታሸገ ዕቃ፣ የሰጠው ሰው የቅርብ ዘመድ ቢሆንም፣ ተከፍቶ ሳይታይ መወሰድ የለበትም። እምቢ ማለት በአካባቢው ባህል እንደ ነውር እንደሚታይ ይታወቃል፤ በሕግ የምትጠየቀው ግን ሻንጣው የተገኘባት ሴት ናት። በ2017 ዓ.ም. ሐሺሽ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ በማስገባት የሞት ቅጣት የተፈጸመባቸው ኢትዮጵያውያን መኖራቸው ጉዳዩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያሳያል።

ሁለተኛው ክታብ ነው። እናት ለልጇ ጥበቃ ይሆናት ዘንድ በቆዳ አሰፍታ የምታስርላት ክታብ የቁርኣን ጥቅስ የተጻፈበት ቢሆንም፣ በሳዑዲ ዓረቢያ ከጥንቆላ ጋር ሊያያዝ ይችላል። ጥንቆላ በዚያ አገር በወንጀል የሚያስከስስ ሲሆን፣ ከአሠሪዎቻቸው በሚቀርብ በዚህ ዓይነት ክስ የታሰሩ የቤት ሠራተኞች አሉ። የሥራ ሥርና ያልታወቀ የባህል መድኃኒትም እንዲሁ ጥርጣሬ ያስነሳል። እንደ ትራማዶል ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች በዚያ ጥብቅ ቁጥጥር አለባቸው፤ ስለሆነም መድኃኒት የምትወስድ ሴት የሐኪም ማዘዣዋን በእንግሊዝኛ ወይም በዓረብኛ አጽፋ መያዝ ይኖርባታል። ክርስቲያን ተጓዦችን በተመለከተ በግል መጸለይ ችግር ባያስከትልም፣ አምልኮን በአደባባይ መፈጸም አይፈቀድም።

ስልክም ከሻንጣ ባልተናነሰ ጥንቃቄ የሚያሻው ነው። በተሠራበት ቤት ውስጥ የተቀረጸ አጭር ቪዲዮ ለቤተሰብ ናፍቆት ማስታገሻ ሊመስል ይችላል። በሳዑዲ የሳይበር ወንጀል ሕግ ግን የሰውን የግል ሕይወት በስልክ ካሜራ መድፈር እስከ 1 ዓመት እሥራትና እስከ 500 ሺህ ሪያል መቀጮ ሊያስከትል ይችላል። የአሠሪዋን ልጆች፣ ሴቶች ወይም የቤቱን ውስጥ የሚያሳይ ምስል በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ መልቀቅ ለዚህ ያጋልጣል።

ስለ ልብስ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ጥቁር አባያና ሻርፕ እዚያም በቀላሉ ይገኛል። በአንጻሩ ሥልጠናው ላይ መበርታት ይገባል። የዕቃ ማጠቢያ ማሽን፣ የኤሌክትሪክ ምድጃና የጽዳት ኬሚካሎች አጠቃቀም በማሰልጠኛው ውስጥ ካልተለመደ በሰው ቤት በቁጣ መካከል አይለመድም። በረኪናን አሲድ ካለው የመጸዳጃ ማጽጃ ጋር መደባለቅ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል፤ መስኮት በተዘጋበት ትንሽ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ደግሞ ይበልጥ አደገኛ ነው። የቁርኣን ንባብ መቻልም የዕለት ተዕለት ዓረብኛን መናገር ማለት አይደለም። “ታምሜያለሁ”፣ “ደመወዜ አልተከፈለኝም”፣ “ወደ ኤምባሲ መደወል እፈልጋለሁ” የሚሉትን በአገሩ አነጋገር አስቀድሞ መልመድ ጠቃሚ ነው።

በመብት በኩል መታወቅ ያለበት፣ የሳዑዲ አጠቃላይ የሠራተኛ ሕግ የቤት ሠራተኞችን እንደማይሸፍን ነው። የሚመለከታቸው የተለየ ደንብ ሲሆን፣ ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ በሥራ ላይ የዋለው ይህ ደንብ የቀን ሥራን በ10 ሰዓት ይገድባል፤ በሳምንት የ24 ሰዓት ዕረፍት ይሰጣል፤ አሠሪው የሠራተኛዋን ፓስፖርት እንዳይዝም ይከለክላል። ደንቡ በእያንዳንዱ ቤት ይከበራል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። ቢሆንም መብቱን የምታውቅ ሴት ለኤጀንሲውም ሆነ ለኤምባሲው አቤቱታዋን በትክክለኛ ቃል ታቀርባለች። ከቤት ጠፍቶ ሌላ ሥራ መፈለግ ግን በአሠሪው በኩል “ሁሩብ” የሚባለውን የመጥፋት ሪፖርት ያስከትላል፤ ይህም ሕጋዊዋን ሠራተኛ ሕገ ወጥ ያደርጋታል። በደል ሲደርስባት መሄድ ያለባት በሪያድ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም በጂዳ ወዳለው ቆንስላ ነው። የሁለቱም ስልክ ቁጥር ስልኩ ቢወሰድባት እንኳ እንዳይጠፋ በቃሏ ሊያዝ ይገባል።

በመጨረሻ የሚቀረው የቤት ጉዳይ ሲሆን፣ ከተመላሾች የሚሰማው ምሬት ብዙውን ጊዜ ከዚህ የሚመነጭ ነው። ለዓመታት በወንድም ወይም በባል ሒሳብ የተላከ ገንዘብ ስትመለስ አይጠብቃትም፤ በስሟ የተመዘገበ ነገርም አይኖርም። ስለዚህ ከመነሣቷ በፊት በራሷ ስም የባንክ ሒሳብ መክፈትና ለቤተሰቡ የምትልከውን ከምታጠራቅመው መለየት ይኖርባታል። የመሬት ይዞታ ያላት ሴት ውክልና ስትሰጥ ለመሸጥና ለመለወጥ ሳይሆን ለማስተዳደር ብቻ መሆኑን በሰነዱ ላይ ማስጻፍ ትችላለች። ልጅ ትታ የምትሄድ ደግሞ ልጁን የሚያሳድገውን ሰው፣ የትምህርት ቤቱን ምዝገባና የሕክምና ወጪውን ሽማግሌ ባለበት በጽሑፍ ማስፈር ይገባታል። የውሉ፣ የፓስፖርቱና የመድን ዋስትናው አንድ አንድ ቅጂ፣ ከአሠሪው ስምና አድራሻ እንዲሁም ከኤጀንሲው ስልክ ጋር፣ ጭሮም ይሁን ገለምሶ፣ በእጁ ሊገኝ በሚችል አንድ የታመነ ሰው ዘንድ መቀመጥ አለበት።