የግል ክላውድ፤ ከመሣሪያው በፊት ሥርዓቱ

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ያባቶች ተረት ለቤተ ክህነት ተማሪ ብቻ የተነገረ ቢመስልም፤ በዛሬው ዘመን የኮምፒዩተር ክፍል ለሚመራ ወጣት ሹምም የሚያገለግል ምክር ነው። ብዙ ኮምፒዩተር ያላቸው መሥሪያ ቤቶች በየአገሩ አንድ ጥያቄ ይዘዋል። ይኸውም፤ ሠራተኛው የሚያስፈልገውን ቨርቹዋል ማሽን ደብዳቤ ሳይጽፍና ደጅ ሳይጠና ራሱ ፈጥሮ እንዲጠቀም የሚያስችለው መሣሪያ የትኛው ነው? የሚል ነው። እኛ ግን ከዚህ በፊት መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ እንላለን።

ነገሩ ለጀማሪ አንባቢ ግልጽ እንዲሆን ትርጉሙን ባጭሩ እናስቀድም። ቨርቹዋል ማሽን ማለት፤ በአንድ ታላቅ ኮምፒዩተር ላይ በሶፍትዌር ኃይል የሚፈጠር፤ የራሱ ሜሞሪ፣ የራሱ የዲስክ ድርሻና የራሱ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ያለው ኮምፒዩተር ነው። አንድ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያሉትን ማሽኖች ለራሱ ሰዎች ብቻ አሰናድቶ ሲያድል የግል ክላውድ ይባላል። የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም በ2011 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ባወጣው ትርጓሜ ለክላውድ 5 ዋና ጠባዮችን ዘርዝሯል። የመጀመሪያው፤ ተጠቃሚው አማላጅ ሳያስፈልገው የሚፈልገውን ራሱ ማግኘቱ ነው። የመጨረሻው ደግሞ፤ የተጠቀመበት ሁሉ የሚለካ መሆኑ ነው። የመጀመሪያውን ሁሉም ይወደዋል፤ የመጨረሻውን ግን ብዙዎች ይዘነጉታል።

ጥያቄው በቅርብ ዓመታት የበረታበት ምክንያት አለ። በዚህ ሥራ ስሙ የገነነው በ1998 ዓ.ም. የተቋቋመው የአሜሪካው ቪኤምዌር ነበር። ብሮድኮም የተባለው ኩባንያ በኖቬምበር 2023 ዓ.ም. ቪኤምዌርን ገዝቶ ከጠቀለለ በኋላ፤ በተከታዩ ወር፤ አንድ ጊዜ ተከፍሎበት ለሁልጊዜ የሚያዘውን ፈቃድ መሸጥ አቁሞ በየጊዜው በሚታደስ ክፍያ ለወጠው። የስልክ ኩባንያው ኤቲ ኤንድ ቲ በ2024 ዓ.ም. ብሮድኮምን በከሰሰ ጊዜ፤ ወደ 75,000 የሚሆኑ ቨርቹዋል ማሽኖች በ8,600 ገደማ ሰርቨሮች ላይ በዚሁ ሶፍትዌር እንደሚያሠራ አስታውቆ ነበር። ክርክሩም በዚያው ዓመት በስምምነት አለቀ። እንዲህ ያለ ታላቅ ኩባንያ እንኳ ሸክሙን በአንድ ሌሊት ወደ ሌላ ሊያዛውር አይችልም። ቤቱ የራስ ሆኖ ቁልፉ የሌላ ከሆነ፤ ባለቤትነቱ ጎዶሎ ነው።

ሌላ መንገድ የሚፈልግ ሰው ምርጫ አያጣም። የአሜሪካ የጠፈር መሥሪያ ቤት ናሳና ራክስፔስ በ2010 ዓ.ም. የጀመሩት ኦፕንስታክ፤ ሲትሪክስ በ2012 ዓ.ም. ለአፓቼ ድርጅት ያስረከበው ክላውድስታክ፤ በማድሪድ ዩኒቨርሲቲ ከተደረገ ምርምር የተወለደው ኦፕንኔቡላ፤ በቪየና የተሠራው ፕሮክስሞክስ፤ ሁሉም ምንጫቸው ለሕዝብ ክፍት ነው። ኦፕንስታክ ሰፊና ኃይለኛ ነው፤ ነገር ግን ስሌቱ፣ ኔትወርኩ፣ ዲስኩና የተጠቃሚው ማንነት እያንዳንዳቸው ለብቻቸው የሚጠበቁ ክፍሎች ስለሆኑ፤ የሠለጠኑ ባለሙያዎች ቡድን ይጠይቃል። ክላውድስታክ በአንድ የአስተዳደር ማእከል ሥር የተሰበሰበ ነው። ፕሮክስሞክስ በቀላሉ ይተከላል፤ መስኮቱ ግን ለተራው ተጠቃሚ ሳይሆን ይልቁንም ለአስተዳዳሪው የታሰበ ነው። እንግዲህ ነጻ ማለት ወጪ የሌለው ማለት አይደለም። ለፈቃድ ያልተከፈለው ገንዘብ ለባለሙያ ይከፈላል፤ ልዩነቱ ባለሙያው ዕውቀቱን በቤት ውስጥ ማቆየቱ ነው።

የመሣሪያው ዓይነት ብቻ እንደማይበቃ በስዊስና በፈረንሳይ ድንበር ላይ ያለው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት፤ ሴርን፤ ጥሩ ምስክር ነው። ሴርን በ2013 ዓ.ም. ኦፕንስታክን ለመደበኛ ሥራ አዋለ፤ ከዚያም እስከ 300,000 ከሚበልጡ የፕሮሰሰር ኮሮች አደረሰው። በዚያ የሚሠራ ሰው ለመሞከሪያ የሚሆን ጥቂት የግል ድርሻ አለው፤ ለቡድን ሥራ የሚሆነው ሰፊ ድርሻ ግን ተጠይቆና ተመርምሮ ይሰጣል። በግል ድርሻ የተፈጠረውም ማሽን የዕድሜ ገደብ አለው፤ ቀኑ ሲቃረብ ባለቤቱ ይነገረዋል፤ ካስፈለገው ያስረዝመዋል፤ ዝም ካለ ይወገዳል። ይህ ሁሉ በመሣሪያው ይፈጸም እንጂ፤ ሐሳቡ የሰው ውሳኔ ነው።

ውሳኔው ከሌለ ግን ራስን በራስ ማስተናገድ ወደ መዝረክረክ ይለወጣል። ለአንድ ሳምንት ሙከራ የተፈጠረ ማሽን ባለቤቱ ወደ ሌላ ክፍል ከተዛወረ በኋላም ይኖራል። ቢጠፋ እንኳ ዲስኩን አይለቅም፤ ቢበራ ደግሞ የጥበቃ እድሳት ስለማይደርሰው ለኔትወርክ ሌባ የተከፈተ በር ይሆናል። የፕሮሰሰሩን ጊዜ ብዙ ማሽኖች እየተፈራረቁ ሊጋሩት ይችላሉ፤ ሜሞሪው ግን እንደዚያ አይለጠጥም። ስለዚህ ገደብ ባልተደረገበት ቤት ቀድሞ የመጣው ሁሉን ይይዛል፤ ኋላ የመጣው አስቸኳይ ሥራ ያለው ሰው ግን ባዶ እጁን ይመለሳል። በፊት በደብዳቤ ይጉላላ የነበረው አሁን በመስኮት ፊት ይጉላላል ማለት ነው።

በዚህ ምክንያት ለመምረጥ የተሰየመ ወጣት ባለሥልጣን መሣሪያውን ከማየቱ በፊት 4 ነገሮችን በአንድ ወረቀት ላይ ቢጽፍ እንመክራለን። ማን ሊፈጥር ይችላል? ምን ያህል? ለስንት ጊዜ? ወጪውስ በየትኛው ክፍል ስም ይመዘገባል? እነዚህ ከተወሰኑ በኋላ መሣሪያዎቹን በዚሁ ወረቀት መፈተን ቀላል ይሆናል። የመስኮቱ ማማር ከሁሉ በኋላ የሚታይ ነገር ነው። በዓመት ጥቂት ማሽኖች ብቻ የሚጠየቁበት ትንሽ መሥሪያ ቤት ደግሞ፤ ወረቀቱን ጽፎ ሲጨርስ ምናልባት አዲስ መሣሪያ ጨርሶ እንደማያስፈልገውና አንድ ትጉ ባለሙያ እንደሚበቃው ይረዳ ይሆናል። ይህንንም ማወቅ ትልቅ ቁጠባ ነው።

አምስተኛውና የመጨረሻው ፈተና መውጫው ነው። ውል ከመፈረሙ በፊት፤ በሙከራው ወራት፤ አንድ ማሽን ከነዳታው ከአዲሱ መሣሪያ አውጥቶ በሌላ ላይ ማስነሣት ይገባል። ከተነሣ፤ መሥሪያ ቤቱ ነገ ዋጋ ቢጨመርበት የሚመልሰው ቃል አለው። ካልተነሣ ግን፤ የዛሬው ምርጫ የነገውን ምርጫ ሁሉ አብሮ ሸጧል ማለት ነው። መሣሪያ ይለወጣል፤ ኩባንያም ይሸጣል ይገዛል። በቤት የሚቀረው ሥርዓቱና ሥርዓቱን የሚያውቀው ሰው ነው፤ ስለዚህ ገንዘቡም ድካሙም አስቀድሞ ለነዚህ ለሁለቱ ይዋል።