ወንዝ ይታጠባልን?

ባለፈው ሳምንት በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሻይ ስንጠጣ አንድ የሥራ ጓደኛዬ ከባሕር ማዶ ዘመዱ የላከለትን ወረቀት አውጥቶ ያነብልን ጀመር። ወረቀቱ በአንድ የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ለከፍተኛ ማዕርግ የሚደረጉትን የምርምር ሥራዎች አርእስት የሚዘረዝር ነው። አንዱ ተማሪ ስለ ሲሚንቶ ጥንካሬ ይመረምራል፤ ሁለተኛው ስለ አፈርና ስለ ከርሠ ምድር ውሃ፤ ሦስተኛዪቱ ደግሞ ስለ ዘመናችን የቻይና ሴቶች ሥነ ጥበብ። ሦስቱም በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የሒሳብ መምህራችን ከት ብለው ሳቁና፣ «ሲሚንቶና አፈርስ ይሁን፤ የቻይናዪቱን ሥዕል ከነዚህ መካከል ምን ዶላት?» አሉ። እኛም ተከትለን ሳቅን። መምህር በዕረፍት ሰዓት የሚስቅበት አያጣም።

ነገር ግን ከሥራ ወጥቼ በመካኒሳ በኩል ወደ ቤቴ ስሄድ እንደ ልማዴ ከድልድዩ ላይ ቆም ብዬ ወደ ታች ተመለከትሁ። ትንሹ አቃቂ ጠቁሮና አረፋ ደፍቆ ይወርዳል። ከዳሩ ያለው የቆስጣ መደብ ግን ለምለም ነው፤ ዓይን ያጠግባል። ያን ጊዜ የሒሳቡ መምህር ጥያቄ መልሱ ከእግሬ ሥር እንደሚፈስ ታወቀኝ። ለምን ቢሉ፣ ከቻይና ሴቶች አንዷ እንዲህ ባለ ወንዝ ላይ የሠራችውን ሥራ ኮሌጅ ሳለሁ አንብቤ ነበርና ነው። ዛሬ ይህንኑ ለአንባቢዎቼ ላጫውት።

አስቀድሞ ስለ ወንዙ ጥቂት ልበል። ሰፈራችን ንፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ያለ ሽቦ፣ በነፋስ፣ መልእክት ያስተላልፍ ከነበረው የሬዲዮ ጣቢያ ስለሆነ ለምህንድስና ከጥንቱም እንግዳ አይደለም። ትንሹ አቃቂ ከከተማው በስተሰሜን ምዕራብ ካለው ከፍታ ተነሥቶ በኮልፌ፣ በመካኒሳና በላፍቶ አድርጎ ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ ከታላቅ ወንድሙ ከትልቁ አቃቂ ጋር የሚገናኘውም በአባ ሳሙኤል ሐይቅ ውስጥ ነው። ከዚያ ሁለቱ አንድ ሆነው ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። በመንገዱ ላይ የፋብሪካውን ዝቃጭ፣ የጋራዡን ዘይት፣ የመጸዳጃ ቤቱን ፍሳሽ፣ የሁላችንንም ጉድ ይቀበላል። በዚሁ ውሃ ደግሞ ለብዙ ዘመን አትክልት ሲለማበት ኖሯል፤ ከገበያ የምንገዛው ሰላጣና ቆስጣ ከየት እንደ መጣ የጠየቅን ስንቶቻችን ነን?

ሊቃውንቱ ግን ጠይቀዋል። ዶክተር ፍስሐ ኢታና የተባሉ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት በከተማው ውስጥ የሚበቅሉትን ቅጠላ ቅጠሎች መርምረው፣ እንደ ካድሚየም፣ ክሮሚየምና እርሳስ ያሉ ብረቶች በአንዳንዶቹ ላይ ከሚፈቀደው ልክ በላይ ሆነው አገኙ። ቆስጣና ሰላጣ ብረቱን አብዝተው ሲስቡ ጥቅል ጎመን በአንጻሩ የተሻለ ሆነ። ከዚያ ወዲህም በአቃቂ ውሃ፣ አፈርና አትክልት ላይ ብዙ ጥናት ተጽፏል።

እኔ የኬሚስትሪ መምህር ስለሆንሁ ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ብናገር አንባቢዬ አይቀየመኝም። ክሮሚየምን እንውሰድ። ዘመናዊ ፋብሪካ ቆዳ የሚያለፋው በክሮሚየም ጨው ነው፤ ጨው የቆዳውን ጭረት እርስ በርሱ አስሮ እንዳይበሰብስ ያደርገዋል። ይሁን እንጂ ከሚጨመረው ውስጥ ሲሶ ያህሉን ቆዳው ሳይጠጣው ይቀርና ከእጣቢው ጋር ይወጣል። ፍሳሹ ካልተጣራ ወንዝ ይገባል። ከወንዝ በቦይ ወደ መደብ ሲጠለፍ ደግሞ ጥቁሩ አፈራችን ይቀበለዋል። ይህ ሸክላማ አፈር ደቃቅ ቅንጣቶቹ ብረትን የሚስብ ኃይል ስላላቸው እንደ ጥንቁቅ መዝገብ ቤት ጸሐፊ ነው፤ የመጣለትን ሁሉ ፋይል ያደርጋል እንጂ አይጥልም። የሰው ዓይነ ምድር በጊዜ ብዛት ይበሰብሳል፤ ብረት ግን አይበሰብስም። የቤት እመቤቶች እንዲያውቁልኝ የምፈልገው አንድ ነገር፣ ማጠብና መቀቀል ተሐዋስያንን ያጠፋል፤ በሥር በኩል ገብቶ ከቅጠሉ ጋር የተዋሐደውን ብረት ግን አያወጣውም።

ዶክተር ታምሩ ዓለማየሁና ባልደረቦቻቸው ደግሞ ወደ ታች ወርደው የከርሠ ምድሩን ውሃ አጥንተዋል። ከከተማው በስተደቡብ ያለው የአቃቂ የጉድጓድ ውሃ በየቤታችን ቧንቧ የሚወርድ ነው። ውሃው የተቀመጠበት ዐለት ከእሳተ ገሞራ የወጣ፣ ስንጥቅና ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ ከላይ የፈሰሰው ወደ ታች የሚሰርግበት መንገድ አለው። የምድር ሳይንስ ድርሻ እንግዲህ ይህ ነው።

መሐንዲሶቹም አልተኙም። እ.ኤ.አ. በ2018 በቃሊቲ የተመረቀው የፍሳሽ ማጣሪያ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ተብሎ የተሠራ ነው። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳር ለማስዋብ ትልቅ ፕላን ተጀመረ። የአባ ሳሙኤል የኤሌክትሪክ ማመንጫ ከተሠራ ከ80 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ተዘግቶ ቆይቶ በቻይና ኩባንያ ታድሶ እ.ኤ.አ. በ2016 6.6 ሜጋ ዋት ማመንጨት ቀጠለ። መብራቱ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ግድብ ውሃ ብቻ አያቁርም፤ ከላይ የተጣለውን ሁሉ ከደለሉ ጋር ያስቀምጣል። በፍሳሽ የሰባው ሐይቅ ለእምቦጭ መልካም ማሳ ነው።

እንግዲህ ወደ ቻይናዪቱ እንምጣ። ስሟ ዪን ሺዩጄን ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1963 በቤይጂንግ ተወለደች። ያደገችበት ከተማ አሮጌው ሰፈር ሲፈርስና ፎቅ ሲተከልበት እያየች ነውና ሲሚንቶ በሥራዋ ውስጥ ይበዛል። እ.ኤ.አ. በ1995 ከልጅነቷ ጀምሮ የለበሰቻቸውን ልብሶች አጣጥፋ ሰፍታ፣ አባቷ በሠራላት የእንጨት ሣጥን ውስጥ አስቀምጣ ሲሚንቶ አፈሰሰችበት። በዚያው ዘመን ሊን ቲያንሚያው የተባለችው ሌላዪቱ ሴት የወጥ ቤት ዕቃዎችን በነጭ የጥጥ ፈትል ትጠቀልል ነበር። እነዚህ ሴቶች መስፋትን፣ መፍተልንና ማጠብን፣ ማለት ማንም እንደ ሥራ የማይቆጥረውን የሴት ሥራ፣ አንሥተው ሕዝብ ፊት አቆሙት። የሴት ሥራ የበዛበት የእኛም አገር ነገሩን ለመረዳት የሚቸገር አይመስለኝም። በወንዝ ዳር ልብስ ያጠቡ እናቶች ልጆች ነን።

በዚሁ በ1995 ቤትሲ ዴመን የምትባል አሜሪካዊት ሠዓሊ በሲቹዋን ክፍለ አገር በቼንግዱ ከተማ ሠዓሊዎችን ስለ ውሃ እንዲሠሩ ሰበሰበች። በከተማው የሚያልፈው የፉናን ወንዝ ያን ጊዜ እንደ አቃቂ የቆሸሸ ነበር። ዪን ሺዩጄን ከወንዙ 10 ሜትር ኩብ ውሃ አስቀድታ በፋብሪካ አስረጋችውና የበረዶውን ጡብ ከወንዙ ዳር እንደ ግንብ ደረደረችው። ከዚያም ባልዲ፣ ንጹሕ ውሃና ብሩሽ አቀረበችና አላፊ አግዳሚውን «ኑ፣ ወንዛችንን እንጠብ» አለች። ሽማግሌውም ሕፃኑም መጥቶ በረዶውን እየፈተገ አጠበ፤ በረዶውም ቀልጦ ወደ ወንዙ ተመለሰ።

ይህ ዕብደት ነው የሚል ይኖራል። እኔም መጀመሪያ ሳነበው እንደዚያ ብዬ ነበር። በብሩሽ ወንዝ የጠራበት አገር የለም፤ ፉናንን ያሻሻለው የመንግሥት ገንዘብና የመሐንዲስ ሥራ ነው፤ ለዚያም ሲባል በወንዙ ዳር ይኖር የነበረ ወደ 100,000 የሚደርስ ሕዝብ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል። ነገር ግን ታሪኩ በዚህ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ1998 ያችው ዴመን ከአካባቢው መሐንዲሶችና የተክል ባለሙያዎች ጋር ሆና በወንዙ ዳር «የሕያው ውሃ መናፈሻ» የሚባለውን አሠራች። ውሃው ከወንዙ በፓምፕ ይሳባል፤ በገንዳ ውስጥ ዝቃጩን ያሰፍራል፤ በተጠረበ ድንጋይ ላይ እየተገለባበጠ አየር ይጠጣል፤ ከዚያ በደንገልና በሸምበቆ ሥር ተጣርቶ ዓሣ ወደሚኖርበት ኩሬ ይደርስና ወደ ወንዙ ይመለሳል። የሚያጣራው ውሃ ከወንዙ ጋር ሲነጻጸር እፍኝ ነው። ሆኖም ልጅ ሁሉ እየተጫወተ ደረጃ በደረጃ ውሃው ሲለወጥ ያያል። የቃሊቲውን ማጣሪያ ከተማሪዎቼ መካከል ያየ የለም።

ይህን ሁሉ ካሰብሁ በኋላ የሒሳቡን መምህር በቃል ከመርታት ብዬ ከ11ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ጋር አንድ ባልዲ የትንሹ አቃቂን ውሃ ቀዳን። ጓንት አድርገን፣ በወፍራም ፌስታል ሁለት ጊዜ አስረን፣ ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ባለሱቅ ባዶ በነበረው የአይስክሬም ማቀዝቀዣው ሁለት ሌሊት አሳደረልን። ሰኞ ፌስታሉን ስንገፈው ክፍሉ ጸጥ አለ። ውሃ ሲረጋ ከውጭ ወደ ውስጥ ነው፤ የሚረጋውም ንጹሑ ሲሆን እድፉን ወደ መካከል እየገፋ ይሄዳል። ስለዚህ የበረዶው ዳር እንደ መስተዋት የጠራ፣ ልቡ ግን እንደ ከሰል የጠቆረ ሆኖ ወጣ። ልጆቹ በብሩሽ ሲፈትጉት መጀመሪያ የነጣ መሰላቸው፤ እየቀለጠ ሲሄድ ግን ጥቁሩ ወደ ውጭ መጣ፤ ሽታውም ተከተለ። ስለ ዶክተር ፍስሐ ጥናት የነገርኋቸው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ሦስት ዓመት ያህል አስተምሬው ማንም እጁን አንሥቶ ጠይቆኝ አያውቅም።

ጥፋቴ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከሁሉ አብልጣ ትፈትግ የነበረችው ልጅ እናቷ በዚያው ወንዝ ዳር ቆስጣ የምታለማ ኖራለች፤ እኔ አላወቅሁም። ልጆች ናቸውና በዕረፍት ሰዓት «ባለ ብረቷ» ብለው ሰየሟት። በሦስተኛው ቀን እናትዮዋ በጋዜጣ የተጠቀለለ አንድ እስር ቆስጣ ይዘው መጡና ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት።

«ቲቸር፣ ልጄን ያሳደግሁት፣ ደብተርም የገዛሁላት በዚህ ነው። ብረት አለበት ካሉ ይኑርበት፤ ውሃውን ያጠቆርሁት ግን እኔ ነኝ እንዴ?»

መልስ አልነበረኝም። ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ ክፍሉንም ተቆጣሁ፤ ይኸው ነው። ቅዳሜ ግን ወደ መደባቸው ወረድሁ። ከቆስጣ ጥቅል ጎመን እንደሚሻል፣ ለምግብ የማይሆን ችግኝና አበባ ደግሞ ከሁሉ እንደሚሻል ነገርኋቸው። እርሳቸውም አፈሩን በእጃቸው እያሹ ሰሙኝና፣ ችግኝ የሚሸጠው በክረምት ብቻ መሆኑን፣ ጥቅል ጎመንም ለመድረስ ከቆስጣ የበለጠ ወር እንደሚፈጅ፣ በዚያ መካከል የቤት ኪራይ እንደማይጠብቅ ነገሩኝ። የእኔን ጥናት በሁለት አረፍተ ነገር መረመሩት። ያም ሆኖ ከአራቱ መደብ አንዱን ጎመን ሊተክሉበት ተስማሙ።

ልሄድ ስነሣ፣ «ያን በረዶ ለምን በግቢ ውስጥ ደብቃችሁ አጠባችሁት?» አሉኝ። «እዚህ አምጡት። ከድልድዩ ላይ ሰው ሁሉ ይየው። እኔም አጥባለሁ፤ ማጠብ እንደሆን ከናንተ እኔ እሻላለሁ።»

ልጅቱ ስትስቅ ያን ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ አየኋት። ለመጪው ቅዳሜ ቀጠሮ ይዘናል፤ አንባቢዬ በመካኒሳ ድልድይ ቢያልፍ ብሩሽ አይጠፋም። የሒሳቡ መምህርም የጀሪካኑን ብዛት አስልተው በወረቀት ሰጥተውኛል። ባለሱቁ ግን ማቀዝቀዣው በዚህ ወር አይስክሬም ስለገባበት ቦታ የለኝም ብሏል፤ ሌላ ሱቅ እያፈላለግን ነው።